ሁለተኛ አንባቢ

ጥቅምት 4

ወንድምዓለም፣

ዘግይቶም ቢሆን ሰላምታዬ ይድረስህ። ሦስት ጊዜ «ደህና ናችሁ?» ብለህ ጽፈህልኝ ሦስት ጊዜ «ደህና» ብቻ ብዬ የመለስኩልህ ተቆጥቼ አይደለም፤ ሦስቱንም ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስለነበር ነው። ዛሬ ተቀምጫለሁ። አንተም ኢሜይል ነው ብለህ በሁለት መስመር እንዳትሸኘኝ። ስልኩን የተውነው በደብዳቤ ልንካካስ ነው። ስልክ ስናወራ አባዬ ይሰማል፤ መናገር እያማረው ፊቱ ይቀላል፣ እኔም እሱን እያየሁ የምልህ ይጠፋኛል።

ያነባል ወይ ላልከኝ፣ አዎ ያነባል። ሕመሙ ምላሱንና ቀኝ እጁን ከያዘበት ዘጠነኛ ወሩ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ሙሉ ነው፣ ሐኪሙም እንደዚያ ይላል። ጠዋት በሁለት ትራስ አስደግፌ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀምጥለትና ወደ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ በየሁለት ሰዓቱ ብቅ ትልለታለች። አንተ የሠራኸውን የመጽሐፍ ማንበቢያ፣ «መደርደሪያ»ን ከፍቶ፣ ፊደሉን አንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ቃል ብቻ እስኪቀር አሳድጎ፣ ስለ ወንዞች የተጻፈ አንድ ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ ይዟል። በግራ እጁ ጣት ሕዳጉ ላይ ሁለትም ሦስትም ቃል ይጽፋል። አንዳንዴ ስለ መጽሐፉ ነው፣ አንዳንዴ ስለ ሾርባው። አመሻሽ ላይ ስመለስ አነበውና መልሴን ከሥሩ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ያገኘዋል። የኛ ወሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሌላ መንገድ የለንም።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ታብሌቱ ከአሥር ቀን በፊት ራሱን በራሱ አፕዴት አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአባዬ ማስታወሻ ረዝሟል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኗል። አንዱን ልጻፍልህ፦ «ውሃ በዚህ ምዕራፍ የተስፋ ምልክት ሆኖ መቅረቡ ልብን ይነካል።» ሁለት ቃል ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት የነበረው አባዬ ነው። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ነርሷንም አርብ አርብ መምጣቷ ይቅር፣ ማክሰኞ ይበቃናል ብያታለሁ፤ የባሰበት ሌላ ሰው አለ። ምን ጨመርክበት? መጻፊያውን አቅልለህለት ነው?

ሥራ እንደነበረው ነው። ማተሚያ ቤቱ የአባዬን ወጥመድ ዛሬም አልተወም። ትዝ ይልሃል፣ ዋና አራሚ በነበረበት ጊዜ ማረሚያ ወረቀቱ ላይ ሆን ብሎ አንድ ስህተት ያስገባና ሁለተኛው አንባቢ አንብቦ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚፈርመው ብሎ ይጠብቅ ነበር። ባለፈው ሰኞ አዲሷ አራሚያችን ስህተቱን ሳታገኘው ፈርማ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ ዋለች። አታልቅሺ፣ እሱ ወጥመድ የሚያጠምደው ሊያሠራው ለሚፈልገው ሰው ብቻ ነበር፣ ተስፋ የቆረጠበትንማ ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ ያነብለት ነበር አልኳት። አንተም ዩኒቨርሲቲ ከመግባትህ በፊት በሠራህበት ሁለት ወር አንድ ጊዜ ተይዘሃል። ያኔ ምንም አላለህም አይደል፣ ወረቀቱን ብቻ ነበር ገፍቶ የመለሰልህ።

በሰላም ቆየኝ።

እህትህ


ጥቅምት 12

እታለም፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መሥሪያ ቤት፣ መጸዳጃ ውስጥ ቆልፌ ነው። ሌላ የሚዘጋ በር የለንም። የምሠራበት የኢንሹራንስ ድርጅት ሰዎች ግድግዳውን ሁሉ አፍርሰው በመስታወት ስለተኩት፣ ሰው የሚያለቅሰውም የሚያንቀላፋውም እዚያ ነው። የአባዬን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ።

ስለ ራሴ ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ሌላ የተለየ ነገር የለም። ቀን የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ከሥራ ስወጣ «መደርደሪያ»ን እጠግናለሁ። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጌ በነጻ የለቀቅኩት ጊዜ የሚያግዘኝ ሰው ይበዛል ብዬ ነበር፤ የበዛው ግን ጠያቂው ነው። በአሥራ አንደኛ ዓመቱ፣ ረግጬአቸው በማላውቃቸው አገሮች ያሉ ሰዎች ይጠቀሙበታል። በቀን ሠላሳ አርባ አቤቱታ ይመጣል። አንዱ «ፕሮግራምህ ቆሻሻ ነው» ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» ብሎ ይፈርማል። ስድስት ረዳቶች ነበሩኝ፣ አንዱ አገባ፣ አንዱ ታመመ፣ ሌሎቹ መልስ መስጠት አቆሙ። የቀረኝ በአካል አይቼው የማላውቅ አንድ ሰው ነው፤ እረፍት ስለማያውቅ ንብ እንለዋለን።

ለጥያቄሽ፣ እኔ የጨመርኩት ነገር የለም። ንብ ማስታወሻ መጻፍ የሚያግዝ አንድ ነገር አስገብቷል፣ ያው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገር ነው። ዘንድሮ እሱ የሌለበት ዕቃ የለም፤ የልብስ ማጠቢያዬ እንኳ ሐሳብ ሊሰጠኝ ይሞክራል። በደንብ አላየሁትም። ብዙ ሰው «ማን ጠየቀህ? አውጣልን» እያለ ይጽፍልኛል፤ ሰሞኑን ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ለአባዬ ከጠቀመው ግን ስድቡ ሁሉ ይቻላል።

እስቲ ሁለት ሦስት ማስታወሻ ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ ባነበው ደስ ይለኛል። ወረቀቱን ገፍቶ የመለሰልኝን ቀን እንዴት እረሳለሁ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድምሽ


ጥቅምት 22

ወንድምዓለም፣

ማስታወሻዎቹን ከታች ጽፌልሃለሁ። አባዬ ይበላል፣ ግን ቀንሷል። ትንሽ ያስለዋል፣ የአየሩ ነው መሰለኝ።

«ገጽ 41 ላይ ደራሲው ዝምታን በጥበብ ተጠቅሟል።»

«ብርዱ የተገለጸበት ቋንቋ እጅግ ሕያው ነው።»

«ደረቴ በኩራት ተነፋ፤ የጀልባ ቀዛፊው ትጋት ለሁላችንም አርአያ ነው።»

በየሥራቸው መልስ ጽፌአለሁ። ለመጨረሻው «እኔም እንዳንተ ቀዛፊውን ወድጄዋለሁ አባዬ» ብያለሁ። አሁን ግን ጥርጣሬ ገብቶኛል፣ ለማን እንደምናገረው ስላጣሁ ላንተ ልናገረው። አባዬ ያመሰግናል። አንተም እኔም በአንድ ቤት አድገናል፤ አባዬ በአርባ ዓመት ሥራው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያመሰግን ሰምተህ ታውቃለህ? «ስህተት የለበትም» ካለ ያ ቀን ሠርግ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ልብ ይነካዋል፣ ሁሉም ነገር ግሩም ነው። መጀመሪያ ሕመሙ አለሳልሶት ነው ብዬ ነበር። ሰው ሲታመም ይለሰልሳል ይባላል።

ፊቱ ግን አልለሰለሰም። ትናንት ከሥራ ስመለስ ታብሌቱ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። አንስቼ ሰጠሁት፣ በግራ እጁ ገፋው። እጅጌዬን ይዞ ጎተተኝ፤ ጣቱን ወደ ማስታወሻው፣ ከዚያ ወደ ራሱ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ማስታወሻው ቀሰረ። እኔም ሞኟ «አዎ አባዬ፣ አንብቤዋለሁ፣ ግሩም ነው» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ዓይኑን ጨፈነ። ያ አስተያየቱ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይህ «የሚያግዘው» ያልከኝ ነገር ምን ያህል ነው የሚያግዘው? አባዬ ያላለውን ይላል? እባክህ ቶሎ መልስልኝ፤ አንተ ስትዘገይ እንደምትዘገይ አውቃለሁና ነው።

እህትህ


ኅዳር 3

እታለም፣

ዘገየሁ። ቶሎ ብለሽኝ አሥራ አንድ ቀን አቆየሁሽ። ምክንያት ልደረድር ጀምሬ አጠፋሁት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መጀመሪያ ይህን አድርጊ። «መደርደሪያ»ን ክፈቺ፣ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፣ «ማስታወሻ» የሚለውን ነክተሽ «አጋዥ» የሚለውን አጥፊው። ተደብቋል፣ ወደ ታች ብዙ መውረድ አለብሽ። እንዲህ መደበቁም ራሱ ያሳፍራል።

አሁን ስለ ጠየቅሽኝ። አንባቢው አንድ ቃል ሲጽፍ፣ ነገሩ የተከፈተውን ገጽ አይቶ የቀረውን በግምት ይሞላል። ግምቱን የማይፈልግ ሰው አንዲት ትንሽ ምልክት መንካት አለበት። ምልክቷን ትቶ ሌላ የትም ቦታ ከነካ እንደተቀበለ ይቆጠራል። ትናንት ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በግራ ጣቴ ሞከርኩት። አሥር ጊዜ ሞክሬ ምልክቷን ያገኘኋት ሁለቴ ነው፤ የኔ እጅ ደግሞ አይንቀጠቀጥም።

ስለዚህ ከማስታወሻዎቹ የአባዬ የሆነው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ እሱንም ይለውጠዋል። ንብ ነው የሠራው፣ እጽፍለታለሁ።

አባዬ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው?

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ወንድምዓለም፣

አባዬ ሆስፒታል ነው። ከጥቅምት 28 ጀምሮ። ሳንባው ነው፤ አሁን አልፎለታል ይላሉ፣ ኦክስጅኑንም ትናንት አንስተውለታል። አሥራ አንድ ቀን ያልነገርኩህ ሩቅ ሆነህ ከመጨነቅ በቀር ምንም አታደርግም ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ተናድጄብህ ነበር። መልስህን ስጠብቅ ነው የባሰበት።

ያልከውን አጠፋሁት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው የብረት ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻዎቹን ወደ ኋላ እየሄድኩ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አነበብኩ። «ደረቴ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሐኪሟ ያመጣነው ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። «ይህን ያህል ሲያመው አልነገረዎትም?» አለችኝ። መናገር አይችልም ብዬ መለስኩላት። ነግሮኝ ነበር ለካ። ደረቴ ብሎኝ እኔ ቀዛፊውን ወድጄዋለሁ ብዬዋለሁ። አርብ የምትመጣውንም ነርስ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ከማንም ጋር አልካፈለውም፣ የራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ የአባቴን ቃል ከማሽን ቃል መለየት ካቃተኝ የኔ እንጀራ ምንድን ነው?

አሁን የሚያስፈራኝ ሳንባው አይደለም። አባዬ መጻፍ ትቷል። ታብሌቱን እንዳያሳዩት ለነርሶቹ ነግሬአቸው እርሳስና ወረቀት አመጣሁለት። እርሳሱን ጣቶቹ መሃል አስገባሁለት፣ ዝም ብሎ ለቀቀው። ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር አስገብቶ ግድግዳውን ያያል። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ብናገርም ያው ነው፣ የማልለውን ይሰሙኛል ነው የሚለው። ምላሱን ሕመሙ ወሰደበት፣ ያችን የቀረችውን ጣቱን ደግሞ እኛ ነጠቅነው። ካሁን በኋላ ለኔም ላንተም ምንም ሳይለን ሊቀር ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ጣቱ በእርግጥ የጻፈው የትም ቦታ ተቀምጦ ይሆን? ሁለተኛ፣ ይህ ነገር አባዬ አልጋ ድረስ ሲመጣ የሆነ ሰው አንብቦ አሳልፎታል። ንብ ሠራው ብለኸኛል፣ ሠሪውን ሰምቻለሁ። በኛ ቤት ግን ሁለት ፊርማ ነው የምናውቀው። ሁለተኛውን ማን ፈረመ?

እህትህ


ኅዳር 16

እታለም፣

እኔ ነኝ የፈረምኩት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ይህችን አንድ መስመር ስጽፍና ሳጠፋ ሳምንት ሆነኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ የምሳ ሰዓት። ኮሪደር ላይ ቆሜ በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላው ስልኬን ይዣለሁ። ንብ ሁለት ሺህ መስመር ኮድ ልኮ «ሁሉንም ፈትሼዋለሁ፣ አንተ አሳልፈው ብቻ» ብሏል። አሳልፍ የሚል ቁልፍ አለ፣ ነካሁት። ዳቦዬን ጨርሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በደንብ አላየሁትም ብዬሽ ነበር፤ ጭራሽ አላየሁትም። አንድ መስመር አላነበብኩም። ደክሞኝ ነበር፣ ረዳቴም ይሄድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። በመጀመሪያ ደብዳቤሽ «ውሃ የተስፋ ምልክት» የሚለውን ሳነብም ይህ የአባዬ አይመስልም ብዬ ነበር። አባዬ ዳነ ብሎ ማሰቡ ስለጣመኝ ዝም አልኩ። አሥራ አንድ ቀን የዘገየሁትም ለዚሁ ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ስሜን መጻፍ ነው የከበደኝ።

ንብን ጠየቅኩት። «እኔም መስመር በመስመር አላየሁትም፣ ማሽኑ ነው የጻፈልኝ» አለኝ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦም አይደለም፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው። እንግዲህ ማሽን ጽፎት፣ አንዱ ሳያነብ አሳልፎት፣ ሌላው ሳያነብ ፈርሞበት ነው አባዬ ጭን ላይ የተቀመጠው። እኔ ደግሞ ያንን ፕሮግራም የጀመርኩት ለማን ነበር? ዓይኑ መድከም ሲጀምር፣ ፊደሉን እንዳሳድግለት።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ የተሻለ መልስ አለኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የአባዬ ታብሌት ባትሪ እየሞተ ማስታወሻው ሲጠፋበት፣ የተነካው ፊደል ሁሉ ለብቻው ተደብቆ እንዲቀመጥ አድርጌ ነበር። ረስቼው ነበር። ማክሰኞ በአጭር መልእክት ጠይቄሽ ከታብሌቱ አውጥተሽ የላክሽልኝ ፋይል እሱ ነው። ጣቱ የነካው ሁሉ ከነሰዓቱ አለ። ከአፕዴቱ ወዲህ ያሉት ሠላሳ ሰባት ናቸው። ሙሉውን አያይዤልሻለሁ፣ ጥቂቱን ግን እዚህ ልጽፈው፣ እጄ እንዲያውቀው።

መስከረም 27፣ «ውሃ»።

መስከረም 28፣ «ውሃ ራቀ»።

ጥቅምት 2፣ «ገጽ 41 መስመር ጎድሏል»። መጽሐፉን ከፍቼ አየሁት፣ እውነትም አንድ መስመር ጎድሏል። ይህንን ነው አጋዥ ተብዬው «ዝምታን በጥበብ ተጠቅሟል» ያለው።

ጥቅምት 9፣ «አላልኩም»።

ጥቅምት 14፣ «ብርድ»።

ጥቅምት 19፣ «ደረቴ»። ጥቅምት 20፣ «ደረቴ»።

ጥቅምት 21፣ «አላልኩም»፣ «አላልኩም»፣ «አላልኩም»።

ጥቅምት 26፣ «ተይው»።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«አጋዥ»ን ከ«መደርደሪያ» ነቅዬ አውጥቼዋለሁ። አውጣ ሲሉኝ የነበሩት ዘገየህ ይሉኛል፣ የወደዱት ደግሞ ለምን አወጣህ ይሉኛል። ንብ ተቀይሞ ሄደ። ሁለት ሰው አንብቦ ሳይፈርም ምንም ነገር አይገባም የሚል ደንብ አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ሰው ስለሌለኝ ታዲያ ምንም ነገር አይገባም። ይህ ሁሉ ለአባዬ ሳንባ ምንም አያደርግለትም፣ አውቃለሁ።

የፈረምኩት እኔ መሆኔን ንገሪው። እኔ ብነግረው ደስ ባለኝ፣ ግን ካንቺ ሌላ የሚያደርስልኝ የለም። በቃህ ቢለኝም አይፈረድበትም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ወንድምዓለም፣

ቤት ከገባን አራት ቀናችን ነው። ነርሷ ማክሰኞም አርብም ትመጣለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ልብስ መስፊያዋን ይዛ ጠቅልላ እኛ ሳሎን ገብታለች፤ ሲያስለው ከኔ ቀድማ ትነሳለች። ውሃው አሁን እጁ ሥር ነው። ራቀ ማለቱን ካነበብኩ ወዲህ ጠርሙሱን በቀን አሥር ጊዜ እያየሁ ለራሴም ሰለቸሁ።

የላክኸውን ሠላሳ ሰባቱን ማተሚያ ቤት በትልቅ ፊደል አትሜ ሆስፒታል ወሰድኩለት። ያኔም ግድግዳውን እንዳየ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ በሥራችን ወግ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነጥቡን ሁሉ እየጠራሁ አነበብኩለት። «መስከረም ሃያ ሰባት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ውሃ፣ አራት ነጥብ።» የጎረቤት አልጋው ሰውዬ አበደች ብሎ ቀና አለ። አባዬ አልዞረም። «ገጽ አርባ አንድ መስመር ጎድሏል፣ አራት ነጥብ» ስል ግን አንገቱ ተንቀሳቀሰ። አንዱን «አላልኩም» ሳነብ ዞረ። ሦስቱን ተከታትለው ሳነብ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጣ። እኔ ቆም ስል በጣቱ ወረቀቱን መታ መታ አደረገው፤ ቀጥይ፣ መሃል ላይ አይቆምም ማለቱ ነው። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሲያልቅ እርሳሱን ጠየቀኝ።

እርሳሱን ይዞ የጻፈው አንድ ቃል ነበር፤ «ማን»። ጉንዳን የሄደበት ይመስላል፣ ግን ይነበባል። ለምን እንደጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። አንተ ንገሪው እንዳልከኝ ነገርኩት፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም፣ ዳቦውን ጭምር። እኔ ላንተ ልከራከርልህ አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ። በዚያ ቀን ሌላ ነገር አልጻፈም። ወደ ቤቴ ስመለስ በቃ፣ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ነበር። አንጀቴን በላኸኝ፣ ይህንንም ልንገርህ።

ቤት በገባን በማግስቱ ወረቀቱን አሳየኝና በእጄ በንጹህ እንድገለብጠው በምልክት ነገረኝ፤ ሠላሳ ሰባቱን መስመር ከነቀኑ፣ ከላይ ርእስ፣ ከታች ሁለት ፊርማ። አጠገቡ ሆኜ ገለበጥኩት። ስገለብጥ አንድ ቦታ ላይ እጄን ያዘኝ። ስለዚያ ሌላ አልነግርህም። ሲያልቅ «አንደኛ አንባቢ» የሚለው ላይ በግራ እጁ ፈረመ፣ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። «ሁለተኛ አንባቢ» የሚለው ባዶ ነው። ብዕሩን ለኔ የሚሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ያንተ ፎቶግራፍ ነው በጣቱ ያመለከተው።

ወረቀቱን በፖስታ ልኬልሃለሁ። ፋይሉን አጠገብህ አድርገህ አንብብ። ካላነበብክ አትፈርም። በየቀኑ ደብዳቤ መጥቷል ወይ ብሎ በዓይኑ ይጠይቀኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 14

እታለም፣

ወረቀቱ ዛሬ ደረሰኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ቀረሁ። ጠረጴዛውን ጠረግኩ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀመጥኩ፣ ፋይሉን በግራ፣ ወረቀቱን በቀኝ አድርጌ ነጥቡን እየጠራሁ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ተይው፣ አራት ነጥብ» ላይ ደርሼ ጨረስኩ። ብዕሩን አነሳሁ።

የአባዬን ፊርማ ሳይ ግን ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት የፈጀ ፊርማ ሥር ለመፈረም አንድ ጊዜ ማንበብ አነሰብኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ በዚህኛው ዙር ከታች ወደ ላይ፣ እሱ እንዳስተማረን። ከሰዓት በኋላ ነው ያገኘሁት። ሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ጥቅምት 14፣ ወረቀቱ «ሙቀት» ይላል። ጣቱ የጻፈው «ብርድ» ነው። ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ግን ያንቺ ስህተት አይደለም፤ አንቺ እንዲህ ዓይነት ነገር አትሳሳቺም። አንድ ቦታ ላይ እጄን ያዘኝ ያልሽው እዚህ ጋ ነው።

አልቅሻለሁ፣ በር መዝጋትም አላስፈለገኝም። አባዬ ለማን ወጥመድ እንደሚያጠምድ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጽፈሽልኝ ነበር።

«ሙቀት»ን ሰርዤ «ብርድ» ብዬ ከሥሩ ፈርሜአለሁ። ወረቀቱ ነገ ጠዋት በፖስታ ይመጣል። እስኪደርስ ግን እንዳይጠብቅ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ግቢና ሃያ ሦስተኛው መስመር በይው።

ወንድምሽ